ሳልጠይቃት የጻፍኩት መልስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ሦስት ጊዜ ተጠርታ አልቀረበችም ተብሎ ሊጻፍባት ትንሽ ነበር የቀረው። ስም ጠሪው በረንዳው ላይ ቆሞ «ወይዘሮ አስካለ!» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል። አስካለ ከእሱ አምስት እርምጃ ርቃ፣ አግዳሚው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ፣ የልጇን ጫማ ታስራለች። ጆሮዋ አይሰማም። ከተወለደች ጀምሮ ሰምታ አታውቅም። ይህን የማውቀውና አጠገቧ መሆን የነበረብኝ ሰው እኔ ጠበቃዋ ነኝ። እኔ ግን መዝገብ ቤት ገብቼ ከጸሐፊው ጋር ስለ እሁዱ የቀበሌ ስብሰባ ወሬ ይዣለሁ። ሦስተኛው ጥሪ ሲሰማኝ ሮጥኩ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ጎባ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ስሮጥ ያየኝ ሁሉ ይሳቅ፣ ግድ የለኝም።

ነገሩ ይህ ነው። አስካለ ሮቤ እህል መጋዘን ጆንያ ትሰፋለች። ባሏ ሚሊሺያ ሆኖ ዘመተ፣ አልተመለሰም። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሰናይት፣ ስድስት ዓመቷ። አሁን የባሏ ወንድም አቶ ግዛው ከጎሮ መጥቶ አመልክቷል። እናቲቱ የማትሰማና የማትናገር ስለሆነች ልጅ ማሳደግ አትችልም፣ አሳዳሪነቱና ሞግዚትነቱ ለእኔ ይሰጥ፣ ልጅቷን ጎሮ ወስጄ ላሳድግ ይላል። ከተሸነፍን ሰናይት ከእናቷ ትወሰዳለች። በመሀል ቤት የሚባል ነገር የለም።

ችሎት ገባን። የግዛው ጠበቃ ተነሣና የራሱን ማመልከቻ እንኳ ሳይገልጥ የእኔን መልስ አንሥቶ ከመጀመሪያው አንቀጽ አነበበ። «ተጠሪዋ ደንቆሮና ዲዳ፣ አቅመ ደካማ፣ ለራሷ እንኳ የሰው እጅ የምታይ ምስኪን በመሆኗ፣ ፍርድ ቤቱ በርኅራኄ ዓይን እንዲመለከታት…» ወረቀቱን አጠፈው። «እኛም ያልነው ይህንኑ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፣ ግን ለመቆጣትም አልቸኮሉም።

ይህን አንቀጽ ሃያ ዓመት ስጽፈው ኖሬያለሁ። ለመበለቷም፣ ለሽማግሌውም፣ እግሩ ለተቆረጠውም፣ ዓይኑ ለጠፋውም ያው ነው። መጀመሪያ ምስኪን ይባላል፣ የዳኛ ሆድ ይባባል፣ ከዚያ ወደ ሕጉ ይገባል። እኔን ያስተማሩኝ ነገረ ፈጆችም እንዲሁ ነበር የሚጽፉት። እጄ ራሱ ለምዶታል፣ እኔን አይጠይቀኝም።

መልሴን አሻሽዬ እንዳቀርብ ለመንኩ። እስከ ሰኞ ተፈቀደልኝ።

ስንወጣ አስካለ በእጇ አንድ ነገር ጠየቀች። አብረዋት የመጡት ጎረቤቷ አዴ ሙሚና የእጇን ንግግር ያውቃሉ፣ ሮቤ ቅቤ የሚሸጡ ትልቅ ሴት ናቸው፣ አዴ እማማ እንደማለት ነው። «ምን አሳቃቸው ነው የምትለው» አሉኝ። «ምንም አይደለም በሏት» አልኩ። አስካለ አፌን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ልጇን በእጇ ይዛ ወደ ሮቤ መኪና ሄደች። ደህና ሁን እንኳ አላለችኝም። እውነቷን ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ሥራ አልያዝልህ አለኝ። መዝገቡን ዘርግቼ ዋልኩ።

መጀመሪያ ቢሮዬ የመጣች ቀን እንዴት እንዳነጋገርኳት ለማስታወስ ሞከርኩ። አላነጋገርኳትም። አዴ ሙሚናን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ፣ እሷን ከግድግዳው ሥር አስቀምጬ፣ ሁሉንም አዴ ሙሚናን ጠየቅኩ። ባሏ መቼ ሞተ? ቤቱ የማን ነው? ልጅቷ ትማራለች? አዴ ሙሚናም የሚያውቁትን ከራሳቸው መለሱልኝ። አስካለ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሁለታችንን ታይ ነበር። ስጨርስ የጣት አሻራ ቀለሙን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋት። ገፋችው። ብዕሬን ከጠረጴዛው አንሥታ ስሟን ፈረመች፣ ቀስ ብላ፣ ፊደሉ ዘመም እያለባት። ቀበሌዋ መሠረተ ትምህርት ገብታ የተማረችው ነው። እኔ ወደ አዴ ሙሚና ዞሬ «ጎበዝ ናት» አልኩ። ስለ ሕፃን እንደሚባለው። አሁን ሳስበው ጆሮዬ ድረስ ያቃጥለኛል።

ሌላ የሚያስጨንቅ አለ። የግዛው ማመልከቻ አራተኛ ነጥብ «ልጅቷን በገመድ ታስራለች፣ ያዩ ምስክሮች አሉ» ይላል። እኔ «ፈጽሞ ሐሰት ነው» ብዬ መልሻለሁ። ለምን? አዴ ሙሚና «ሰው ልጁን ያስራል እንዴ?» ስላሉኝ። አስካለን አልጠየቅኩም።

ነገ ሮቤ እወርዳለሁ። ዝናብም ቢሆን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ዝናብ አልነበረም፣ ብርድ ነበር። አስካለን መጋዘኑ ደጃፍ፣ የጆንያ ክምር ውስጥ አገኘኋት። አዴ ሙሚና ቀድመው ደርሰው ነበር። «አካም ጅርቱ አቡካቶ» አሉኝ፣ በኦሮምኛ ነው ሰላም የሚሉት፣ ጠበቃንም አቡካቶ ነው የሚሉት። አጸፋውን መልሼ፣ ቁጭ ብዬ፣ እንደ ልማዴ ለእሳቸው መናገር ጀመርኩ።

አስካለ ጆንያውን በመዳፏ መታችው። ቀና ስል ሁለት ጣቷን ወደ ዓይኗ፣ ከዚያ ወደ እኔ አመለከተች። ወደ እኔ እያየህ ተናገር ማለቷ ነው፣ ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ከዚያ ክንዴን ይዛ ብርሃን ፊቴ ላይ ወደሚያርፍበት አዞረችኝ። አሁንም አልበቃትም። ወደ ጢሜ እያሳየች ለአዴ ሙሚና አንድ ነገር አለች፣ አዴ ሙሚናም ሳቃቸውን ያዝ አድርገው «ከንፈርዎን ሸፍኖታል፣ አንዳንዱን ቃል ከአፍ ነው የማነበው ትላለች» አሉኝ።

ማክሰኞ የሳቁበትን ነገርኳት። ያንን አንቀጽ ከወረቀቱ አነበብኩ። አዴ ሙሚና እጃቸውን ሰበሰቡ። «ሂንታኡ፣ አይሆንም። ይህን እኔ አልነግራትም ወላሂ።» ካልነገርናት ሰኞም እንደ ማክሰኞ ነው ብዬ ለመንኳቸው። ነገሯት። እያለቀሱ ነገሯት።

አስካለ አላለቀሰችም። ማን ጻፈው ብላ ጠየቀች። እኔ አልኩ፣ ወደ እሷ እያየሁ። መርፌዋን አንሥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሦስት ጆንያ ሰፋች። እኔ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ ከዚህ ሌላ ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም ነበር። አራተኛውን ስታነሣ ይቅርታ አልኳት፣ ከምር። አየችኝና ጆንያውን አስቀመጠች።

ከዚያ ስለ ገመዱ ጠየቅኩ።

እውነት ነው። ገመድ ግን አይደለም፣ ጆንያ የምትሰፋበት ሲባጎ ነው። ሲተኙ አንዱን ጫፍ የራሷ እጅ ላይ፣ ሌላውን የሰናይት ቁርጭምጭሚት ላይ ላላ አድርጋ ታስራለች። ልጅቷ ውኃ ሲጠማት፣ ሆዷን ሲያማት፣ ስትፈራ ትስበዋለች፣ እናት ትነቃለች። ሰናይት በጡት እያለች የጀመረችው ነው። ቀን አይታሰርም፣ ቀን ከፊቷ አታርቃትም። ጎረቤት ማለዳ ቡና ፍለጋ ሲገባ ሲባጎውን አይቷል፣ ወሬው ጎሮ ሲደርስ ገመድ ሆኗል።

እኔም ሐሰት ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ሦስት ምስክር መጥቶ አየን ቢል ውሸታም የምትባለው እሷ ነበረች።

ምን እንድጽፍልሽ ትፈልጊያለሽ አልኳት። ደንበኛን ይህን ከጠየቅኩ ስንት ዓመቴ ነው? መልሷን ደብተሬ ላይ እንዳለ ያዝኩት። ምስኪን የሚለው ይውጣ። ሲባጎውን እነሱ ሳይሉት እኛ እንናገር። ግዛውን ክፉ ነው እንዳትሉት፣ ባሌ የሞተ ጊዜ ብርድ ልብስ ይዞ መጥቶ ሳምንት አብሮኝ የተቀመጠው እሱ ነው፣ ልጅ የለውም፣ ልጅቷን ይወዳታል፣ መጥቶ ይያት። የመጨረሻው፣ ሰናይት ችሎት ፊት አትቀርብም።

እዚህ ላይ ተጣላን። ሰናይት የያዝኳት ትልቋ ማስረጃዬ ናት። ልጅቷ በእጇም በአፏም እንደ ውኃ ትናገራለች። ዳኛው እናትና ልጅ ሲያወሩ አንድ ጊዜ ቢያዩ ነገሩ አበቃ። ይህን በሁሉም መንገድ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ለምን? ልጄ ተናግራ ቢወስዱብኝ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በእኔ ቃል ነው እናቴን ያጣሁት ትላለች፣ አለች።

ግማሽ ሰዓት ተከራከርኩ። ተናድጄ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ጢሜን ከረከምኩ። ባለቤቴ ሳታውቀኝ ልታልፍ ነበር።

አዲሱን መልስ መጻፍ ያለ ምስኪን እንዴት ይከብዳል! ቁጭ ባልኩ ቁጥር «አቅመ ደካማ» ብላ ትመጣለች ብዕሬ። አራት ገጽ የነበረው አንድ ተኩል ሆነ። ጆንያ ትሰፋለች። ልጇን ታበላለች፣ ታለብሳለች፣ ታስተምራለች። ሕጉ አባት ሲሞት አሳዳሪነቱን ለእናት ይሰጣል፣ የምትሰማ እናት ብሎ አልለየም። ሲባጎውን በአንድ አንቀጽ ጻፍኩት።

ከሰዓት አስካለና አዴ ሙሚና ጎባ መጡ። ቃል በቃል አነበብኩላት፣ አዴ ሙሚና በእጃቸው፣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ። አንድ ቦታ አስቆመችኝ። «ታስተምራለች» ያልኩትን አስወጣችው። ፊደል የምንማረው አብረን ነው፣ አለች። ፈረመች።

ከሄዱ በኋላ ግን የምስክሮቹን ዝርዝር ስጽፍ የሰናይትን ስም መጨረሻው ላይ አስገባሁት። ዝም ብዬ። ለራሷ ጥቅም ነው አልኩ። ሰረዝኩት። ደግሞ ጻፍኩት። በኋላ ወረቀቱን ቀድጄ ያለ ስሟ ገለበጥኩት። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። ልጅቷ ብትወሰድ ይህችን ስም የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9



ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከአስካለ አጠገብ አልተነሣሁም። ስም ጠሪውንም አስቀድሜ አነጋገርኩት፣ መጥቶ በእጁ ጠራት። ችሎት እንደገባን አዲሱን መልስ አስገብቼ አንድ ነገር ለመንኩ። አስተርጓሚዋ ከኋላዋ ሳይሆን ከዳኛው ጎን ይቁሙ፣ የሚናገር ሁሉ በተራ ይናገር፣ ደንበኛዬ የሚናገረውን ሰው ፊት ማየት አለባት። ዳኛው እንደ እንግዳ ነገር አዩኝ። «ይሁን» አሉ።

የግዛው ጠበቃ ተቃወመ። አዴ ሙሚና ጎረቤቷ ናቸው፣ ያደሉላታል አለ። ዳኛው አሰቡና «ልጅቷስ? የእናቷን ቋንቋ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገ ትምጣና ታስተርጉም» አሉ።

የምፈልገው ነገር ያለ ልመና እጄ ገባ። እሺ ብል አበቃ። ወደ አስካለ ዞሬ ጥያቄውን እንዳለ አስነገርኳት። እጇ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። አይሆንም።

«ደንበኛዬ አልፈቀደችም» አልኩ።

«እርስዎ ጠበቃዋ ነዎት። የሚጠቅማትን አያውቁም?» አሉኝ ዳኛው።

«የሚጠቅማትን አውቃለሁ ብዬ ነው ያንን የመጀመሪያውን መልስ የጻፍኩት» አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ሳልጠይቃት ጽፌው ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ጨመርኩ። ሃያ ዓመት ችሎት ቆሜ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ አላውቅም። ምክንያቷንም ተናገርኩ፣ ሰናይት ዕድሜዋን ሙሉ የምትሸከመው እንዳይሆን።

ዳኛው ወደ አመልካቹ ዞሩ። ከዚያ አቶ ግዛውን «አንተስ የእጇን ንግግር ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁት። ወንድሙን ያገባች ስለሆነች ይገባኛል አለ። «እንግዲህ አዴ ሙሚና ያስተርጉሙ፣ አንተ እያየህ ካሳሳቱ ተናገር» ብለው ወሰኑ። የምንከራከረውን ሰው ዳኛ አደረጉብን ብዬ አሰብኩ።

ስለ ሲባጎው ተጠየቀች፣ መለሰች። ግዛው ዝም። ስለ ሥራዋ ተጠየቀች። ግዛው ዝም። ከዚያ ዳኛው «ልጅቷ ስታለቅስ በምን ታውቂያለሽ?» አሏት። አስካለ ረጅም መለሰች፣ ጣቶቿ ይፈጥናሉ። አዴ ሙሚና እንባ አቅርረው «እኔ ምስኪን ምን አውቃለሁ፣ እሱ ፈጣሪ ያሳውቀኛል፣ ለእሱ ሰጥቻታለሁ ነው የምትለው» አሉ። ከደግነት ነው። ለዳኛ የሚነገረው እንዲህ ነው ብለው ነው። እኔም ያደግኩበት ነው።

«ኧረ እንዲያ አላለችም» አለ ግዛው።

ሁሉም ዞረ። ጠበቃው እጀ ጠባቡን ጎተተው፣ አልሰማውም። «ስታለቅስማ ትከሻዋ ነው ቀድሞ የሚነሣ፣ ከማልቀሷ በፊት አውቃለሁ ነው ያለችው። ስሰፋ ፊቴን ወደ እሷ አድርጌ ነው፣ ጎረቤት ስትሄድ ደጁ ላይ ቆሜ አያታለሁ ነው ያለችው። ምስኪን የሚል ነገር አልወጣትም። ፈጣሪንም አላነሣችም።»

«ሁሉንም ተረዳኻት?» አሉ ዳኛው።

«አዎ ጌታዬ። በደንብ ነው የምትናገረው» አለ። ያለውን ያወቀው ከተናገረው በኋላ ነው። አንገቱን ደፋ። ጠበቃው ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። ለግዛው አዘንኩለት፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ሐቀኛ ሰው ነው፣ ሐቁ ጎዳው።

አዴ ሙሚና ሲወጡ አንገታቸውን ደፍተው «አቡካቶ፣ አበላሸሁ?» አሉኝ። እኔ ከእርስዎ የባሰ አበላሽቼ ነበር አልኳቸው።

ውሳኔ ለዓርብ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ምንም የለም። ጉም ከጠዋት እስከ ማታ። ሁለት ደንበኛ መጣ፣ አንደኛው እጁ የማይንቀሳቀስ የአጋርፋ ገበሬ። ልጁ ይናገርለት ጀመር፣ እኔ ገበሬውን ራሱን ጠየቅኩት። ለመናገር ጊዜ ወሰደበት። ከልጁ ያልሰማሁትን ሁለት ነገር ነገረኝ።

ዓርብን እያሰብኩ ነው። ዳኛው በደንብ ትናገራለች የሚለውን ይዘው ነው የሚወስኑት ወይስ ሲባጎውን? ሲባጎውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ብክደው ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ ዛሬ ሦስት ጊዜ መጣብኝ። አባረርኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሰናይት ከእናቷ ጋር ትቀራለች። አሳዳሪነቱም ሞግዚትነቱም የአስካለ ነው። ግዛው በፈለገ ጊዜ መጥቶ ያያታል፣ እኛው የጠየቅነው ነው።

አዴ ሙሚና እዚያው በረንዳው ላይ እልል አሉ፣ ዘበኛው ዝም እንዲሉ ቢነግራቸውም። ግዛው ጥግ ቆሞ ነበር። አስካለ ሄዳ ነካ አደረገችው፣ በእጇ የሆነ ነገር አለችው፣ እሱም በእጁ መለሰ። አልጠየቅኩም፣ የኔ ጉዳይ አይደለም።

ግን የውሳኔው መጨረሻ ላይ አንድ አንቀጽ አለች። የእናቲቱ ሁኔታ ግምት ውስጥ ገብቶ፣ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር በየወሩ ቤቷ እየገባ ለአንድ ዓመት የልጅቷን አያያዝ ያረጋግጥ፣ ይላል። ችሎት ውስጥ ሲነበብ አዴ ሙሚና ደስታ አፍኗቸው አላስተረጎሙትም። እኔም ልተወው አሰብኩ። አሸንፈናል። ዛሬ ትደሰት። በኋላ ይነገራታል።

ደረጃው ላይ ሳለን አስካለ እጄን ያዘች። ዳኛው ሁለት ገጽ አነበቡ፣ እናንተ የነገራችሁኝ የአንድ ገጽ ነው አለች።

ቆምኩ። ወደ እሷ ዞሬ ሁሉንም ነገርኳት።

የማኅበሩ ሰዎች አዴ ሙሚና ቤትም ይገባሉ? ብላ ጠየቀች። አይገቡም አልኩ። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሌላ መበለት ቤት? አይገቡም። ታዲያ ይህን ማውጣት ይቻላል? በይግባኝ ይቻላል አልኩ፣ ስልሳ ቀን አለሽ። ቀጥዬም ሌላውን ነገርኳት። ይግባኝ ካልን ነገሩ ሁሉ እንደገና ይከፈታል፣ ግዛውም ይከራከራል፣ ላይኛው ፍርድ ቤት ሌላ ዓይን ነው፣ ዛሬ ያገኘሽውን ልታጪ ትችያለሽ። ልጅቷን ማለቴ ነው አልኳት፣ አልሸፋፈንኩም።

አዴ ሙሚና እያስተረጎሙ «ተይ በሏት፣ አቡካቶ፣ ተይ በሏት» ይሉኛል በጎን። አላልኩም። እንድትተው በጣም እፈልጋለሁ፣ ግን አልጠየቀችኝም።

አስካለ ውሳኔውን ወስዳ፣ ስሟ የተጻፈበትን ቦታ ፈልጋ በጣቷ ነካችው። አስቤ እነግርሃለሁ አለች። እስከዚያ አንድ ቃል እንዳትጽፍ።

ቤት ገብቼ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጫለሁ። የይግባኙ ምክንያት ከላይ እስከ ታች በጭንቅላቴ አለ፣ ጠንካራ ነው፣ በአንድ ሰዓት ይጻፋል። መተዉም ምክንያት አለው፣ እሱም ጠንካራ ነው። ሁለቱንም ትቼ ብዕሬን ከደንኩት። የትኛው እንደሚሆን እሷ መጥታ እስክትነግረኝ የማላውቀው ነገር ነው።